ተቋም የሌለው ተመራማሪ የምርምር ገንዘብ በማን በኩል ይቀበላል?

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋውን የቴሌግራፍ ገመድ ታሪክ አጠናለሁ። የ1858ቱ (እ.ኤ.አ.) ገመድ በሦስት ሳምንት ገደማ ድምፁ ጠፋ፤ በ1866 ግን ከአየርላንድ ቫለንሺያ ደሴት እስከ ኒውፋውንድላንድ (በዛሬዋ ካናዳ) ሃርትስ ኮንቴንት የተዘረጋው ሠራ። ስለ መሐንዲሶቹ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ በገመዱ የሚመጣውን ምልክት የምታሳይ፣ ግራና ቀኝ የምትወዛወዝ የብርሃን ነጥብ እያዩ ፊደል ሲለቅሙ ያድሩ የነበሩት የቴሌግራፍ ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው።

ያለኝ የማስተርስ ዲግሪና ሁለት የታተሙ መጣጥፎች ናቸው። የጎደለኝ መዛግብቱ ወዳሉበት መሄጃና የስድስት ሳምንት ማደሪያ ነው። ለአራት ገንዘብ ሰጪዎች አመለከትኩ። ሁለቱ ዶክትሬት ጠየቁ፤ አንዱ መልስም አልሰጠ። የሚቆጨኝ አራተኛው ነው። ገምጋሚዎቹ ሐሳቡን ወደውት ሳለ፣ «አስተናጋጅ ተቋም» በሚለው ቦታ «የለም» ብዬ በመጻፌ ብቻ ውድቅ ሆነ። (እውነቱን መጻፌ ነበር!) ከዚያ አስተናጋጅ እንዲሆኑኝ ለሁለት የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ደብዳቤ ላክሁ፤ ደመወዝ እንደማልፈልግ ባስረዳም «ሠራተኛችን አይደለህም» አሉኝ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ ሒሳብ እንዲያወራርድልኝ ማንን ልጠይቅ፦ የታሪክ ማኅበርን፣ ቤተ መዛግብቱን ራሱን ወይስ ሌላ ዩኒቨርሲቲን?