የስንዴያችን ዚንክ፦ ናኖ ማዳበሪያ ወይስ የታወቀው ርጭት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ለሚዘራው ስንዴ የናኖ ዚንክ ማዳበሪያ (ለሰውነት የሚያስፈልገውን ማዕድን ዚንክን እጅግ ደቃቅ ቅንጣት አድርጎ የያዘ) በድጎማ ለገበሬው ይቅረብ ወይስ አይቅረብ?

ደጋፊ፣ ከሐረር፦
ይቅረብ እላለሁ። ዚንክ ያነሰው ሕፃን ዕድገቱ ይቀጭጫል፣ ተቅማጥ ይመላለስበታል፤ የዕለት ጉርሱ እህል ብቻ ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ሥጋና እንቁላል ጨምሩ ማለት ከምክር አያልፍም። ኖራ በበዛበት አፈር ላይ የተበተነ ዚንክ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ሥሩ ሳያገኘው ይቀራል። ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ያነሰው የናኖ ቅንጣት ቅጠል ላይ ሲረጭ በጥቂት መጠን ብዙ ሊያደርስ የሚችል ከሆነ፣ የእኛ ገበሬ የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ተቃዋሚ፣ ከድሬዳዋ፦
ወንድሜ ስለ ልጆቹ ያነሱት ያሳስበኛል፤ የምለየው በመንገዱ ነው። አፈሩ ዚንክን አስሮ ያስቀራል የሚለው ክርክር ቅጠል ላይ እንርጭ ያሰኛል እንጂ ናኖ እንግዛ አያሰኝም። በውኃ የሚሟሟው ተራ የዚንክ ጨው፣ ዚንክ ሰልፌት፣ 0.5 በመቶ ያህል ሆኖ በውኃ ተበጥብጦ፣ ስንዴው ዘለላ አውጥቶ ፍሬው ወተት መያዝ ሲጀምር ቢረጭ የፍሬውን ዚንክ በጉልህ እንደሚጨምር በቱርክ፣ በሕንድና በፓኪስታን በተደረጉ የማሳ ሙከራዎች ተረጋግጧል። በናኖ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው የዚንክ ኦክሳይድ ማስረጃ ግን በአብዛኛው በመትከያ ዕቃና በመስታወት ቤት (ግሪንሃውስ) ከተደረገ ሙከራ የመጣ ነው። መጠኑ ሲበዛ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋንን ይጎዳል፤ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ያለ አፍ መሸፈኛ የሚረጨው ገበሬም ጭጋጉን ይተነፍሰዋል። ደግሞስ የረጨነው ዚንክ የት ይደርሳል? ዚንኩ የሚከማቸው በፍሬው ልባስና በፅንሱ ነው። በከተማችን ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ የቆመ ሰው ነጩ ፉርኖ ለዳቦ ቤት፣ ፍሩሽካው ለከብት ማደለቢያ ሲጫን ያያል፤ ከፍሬው ዚንክ ከግማሽ የሚበልጠው የሚሄደው ከፍሩሽካው ጋር ነው።

እኅት፣ ከሐረር፦
የፋብሪካ ዱቄት በዚንክና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ በ2014 ዓ.ም. ግዴታ ተደርጓል። ይህ ግን የራሱን ስንዴ በመንደር ወፍጮ አስፈጭቶ ሳይነፋ ለሚበላው የቀርሳ ገበሬ አይደርሰውም፤ ለእርሱ ማሳው ብቸኛው በር ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ያልተነፋው ዱቄት ዚንኩን አንጀት እንዳይወስደው የሚይዝ ፋይቴት አለበት፤ ሊጡ በእርሾ አድሮ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ለዳቦ የሚሆነውን ሊጥ ማታ አቡክተው የሚያሳድሩ እናቶቻችን በዚህ ረገድ ትክክል ነበሩ።

ደጋፊ፣ ከሐረር፦
ተቃዋሚው ስለ ፉርኖ ያነሱት ለከተማው ሰው እንጂ ለገበሬው አይሆንም፤ እኅታችን ያሉት ይህንኑ ነው። የዚንክ ሰልፌቱ ማስረጃ እንደሚበልጥ ግን እቀበላለሁ። ድጎማው ለናኖ ይሁን ያልኩትን አንስቻለሁ።

ተቃዋሚ፣ ከድሬዳዋ፦
እኔም የገበሬው ነገር እንዳመለጠኝ አምናለሁ፤ ለእርሱ ርጭቱ ዘንድሮውኑ በዚንክ ሰልፌት ይጀመር። ናኖውን በተመለከተ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያችን አለ። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ያልተረጨ፣ ሰልፌት የተረጨና ናኖ የተረጨ ስንዴ ጎን ለጎን ይዘራ፤ ከአጨዳ በኋላ የፍሬው ዚንክ ብቻ ሳይሆን የዱቄቱና የዳቦውም ይለካ፣ የሦስቱም ወጪ በሄክታር ይጻፍ። ውጤቱ ከናኖው ጋር ከቆመ እኔ ራሴ የድጎማውን ማመልከቻ እፈርማለሁ።