ባሕር ዳር ላይ የቤት ኪራይ አዋጁ ይሠራል? ጳጉሜ ላይ ልቀቂ ተብያለሁ

ልብስ ሰፊዋ (ቀበሌ 14)

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ መልሱልኝ።

የምኖረው ቀበሌ 14 ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቅ የለኝም፤ የምሠራው በተከራየሁት ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል ናት። በአንዷ ከልጆቼ ጋር እንተኛለን፤ በሌላዋ ማሽኔ፣ ጨርቄና የደንበኛ ልብስ አለ። ማሽኗ በእግር የምትረገጥ ናት፤ መብራት አትበላም። አከራዬ ግን "ማሽን አለሽ" እያሉ በየወሩ የመብራት ይጨምሩብኛል። ይህን ችዬዋለሁ።

አሁን የመጣው ግን የሚቻል አይደለም። ነሐሴ እንደገባ ጠርተው ኪራዩ ከመስከረም ጀምሮ ከ3,500 ወደ 6,000 ብር እንደሚገባ ነገሩኝ። በዚያ ላይ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ። ካልሆነልሽ ጳጉሜ ላይ ልቀቂ ነው። የጽሑፍ ውል የለንም። በደላላ ገባሁ፣ በቃል ተስማማን፣ በቃ። መጀመሪያ በእጅ ነበር የምከፍለው፤ ትልቋ ልጄ ካሳየችኝ ወዲህ በቴሌብር እልካለሁ።

ነሐሴና መስከረም ለእኔ ምን ማለት እንደሆኑ ልንገራችሁ። የዩኒፎርም ወቅት ነው። ወላጅ ሁሉ ልጁን ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው። ቀብድ እቀበላለሁ፣ ጨርቅ እገዛለሁ፣ ሌሊቱን እሰፋለሁ። የዓመቱን ግማሽ የምንኖረው በእነዚህ ሳምንታት ገንዘብ ነው። ደንበኞቼ ታፔላ አይተው የሚመጡ አይደሉም፤ ቤቱን ስለሚያውቁት ነው። ከዚህ ቤት ከወጣሁ ግማሾቹ ይጠፋሉ። ቀብድ ተቀብዬ አድራሻ ብቀይርስ ሰው ምን ይለኛል?

ደላላው ወደ ዘንዘልማና ወደ መሸንቲ መንገድ ቤት አለ ይለኛል። እዚያ ኪራዩ ይቀላል፤ እውነት ነው። ግን ልጆቼ የሚማሩት እዚሁ በእግር በሚደርሱበት ትምህርት ቤት ነው። የባጃጁን ጠዋትና ማታ ስደምረው የቀነሰው ኪራይ ተመልሶ ይሄዳል። ደግሞ ሌላም አለ። ብዙ አከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ልጅ አለሽ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ምጣድ ትጠቀሚያለሽ?" ይላል። ማሽኗን ሲሰማ ደግሞ ፊቱ ይለወጣል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ኪራይ ለምን ጨመረ አላልኩም። ዘይትም፣ ጤፍም፣ ክርም ጨምሯል። እኔም የማሰፊያ ዋጋዬን ጨምሬአለሁ። እኔን የሚጥለኝ ድንገቱ ነው። በዚህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ድረስ ትኖሪያለሽ ብባል ተበድሬም ቢሆን እዘጋጅ ነበር። መንግሥት ለተከራይ አንድ ነገር ያድርግ ብባል ከርካሽ ዋጋ በፊት የምጠይቀው ጊዜን ነው። ልጆቼ የጀመሩትን ዓመት እዚያው ይጨርሱ።

በሬዲዮ አንድ አዋጅ መውጣቱን ሰምቼ ነበር። ተከራይ ሁለት ዓመት አይወጣም፣ ኪራይም እንደፈለጉ አይጨመርም ሲባል ሰማሁ። ይህ ለአዲስ አበባ ብቻ ነው ወይስ ለእኛም? ሕጉን ልጥቀስ ብል ተቆጥተው ከነጭራሹ ያስወጡኝ ይሆን? ደግሞ የቤት ማህበር ግቢ የሚሉኝ አሉ። ይሻላል?

ጠበቃው (ፋሲሎ)

እህቴ፣ አይዞሽ። የሰማሽው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 አጽድቆታል። የፌዴራል አዋጅ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ብቻ የወጣ አይደለም። ሆኖም ከክልል ከተሞች በየትኞቹ እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ ከአከራይሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ክፍለ ከተማሽ ሂጂና "የኪራይ ውል ትመዘግባላችሁ ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። "አዎ" ካሉሽ አዋጁ ከጎንሽ ነው። "አይ" ካሉሽ ደግሞ የሚገዛችሁ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ ዋጋውንም ጊዜውንም በአብዛኛው ለሁለታችሁ ስምምነት ይተወዋል። ያኔ ያለሽ አቅም የያዝሽው ውል ብቻ ነው።

አዋጁ ውስጥ አንቺን የሚመለከተው ብዙ ነው። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የስድስት ወር የሚባለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። ክፍያም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት። በቴሌብር መክፈልሽ እግዚአብሔር የሰጠሽ ነገር ነው። ውል ለሌለው ሰው ተከራይ መሆኑንና ስንት ይከፍል እንደነበር የሚያሳይለት እሱ ነው። መልእክቶቹን አንድም አታጥፊ። ብትችይ የሂሳብ ዝርዝሩን በወረቀት አሳትሚው።

አሁን ልብ በዪ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ማሽንሽ ነው። የመኖሪያ ቤትን አከራዩ ሳይፈቅድ ለንግድ ማዋል ውል ማፍረሻ ምክንያት ይሆናል። አከራይሽ እስከ ዛሬ አይተው ዝም ብለዋል፤ እንዲያውም የመብራት እየጨመሩ ተቀብለዋል። ነገ ጠብ ሲነሳ ግን "ሥራ ቦታ አደረገችው" ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ውል የምትጽፉ ከሆነ "ተከራይ በቤቱ ውስጥ የልብስ ስፌት ሥራ እንድትሠራ አከራይ ፈቅደዋል" የምትል አንዲት መስመር ትግባ። ስለ ኪራዩ ስትከራከሪ ይህችን እንዳትረሺ።

ሕጉን መጥቀሱን ደግሞ መጀመሪያ ላይ አታድርጊው። መጀመሪያ ሰው ላኪ። በእኛ አገር ሽማግሌ ያበረደውን ነገር ፍርድ ቤት በዓመት አይጨርሰውም።

አከራይዋ (አባይ ማዶ)

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። ባለቤቴ ካረፉ በኋላ ግቢው ውስጥ ሦስት ክፍል ሠርቼ አከራያለሁ። ጡረታቸው ለወር አይበቃኝም፤ የምኖረው በኪራዩ ነው።

ከ3,500 ወደ 6,000 በአንዴ መዝለል ግፍ ነው። እኔ አላደርገውም። ግን የእኛንም ነገር ስሚኝ። አንዷን ክፍል ያስጨረስኩት በተከራይ ቅድሚያ ገንዘብ ነው። ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን የገዛሁት፣ የአናጢውንም የከፈልኩት በእሱ ነው። ባንክ እንደ እኔ ላለች አሮጊት ለአንድ ክፍል አያበድርም። ሁለት ወር ብቻ ተቀበይ ሲሉኝ ቀጣዩን ክፍል በምን ልሥራው? የኪራይ ግብርም አለ፤ እከፍላለሁ። የሰው ልጅ ሁሉ እንደ አንቺ አይደለም፤ አራት ወር ሳይከፍል ተቀምጦ በር የቆለፈብኝ ተከራይ ነበረኝ።

እኔ የምለው ይህን ነው። ባሕር ዳር ላይ ለድሃ የሚያከራየው ባለ ፎቁ አይደለም። በየግቢው ሰርቪስ የሠራነው እኛ ነን። መንግሥት ጭማሪውን ሲቆጣጠር ለእኛ ደግሞ አንድ ክፍል የምንጨምርበት ትንሽ ብድር ቢያመቻች ቤት ይበዛ ነበር። ቤት ሲበዛ "ልጅ አለሽ ወይ" የሚልሽም ይቀንሳል።

ልብስ ሰፊዋ (ቀበሌ 14)

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር። የእኔ አከራይም ስድስት ወሩን የፈለጉት ለግንብ አጥር መሆኑን ከልጃቸው ሰማሁ። እንግዲህ ችግራቸው ገንዘቡ በአንድ ላይ መምጣቱ ከሆነ የምንነጋገርበት ነገር ይኖራል። ጠበቃውንም በጣም አመሰግናለሁ። ስለ ማሽኗ የጻፉልኝን አንብቤ ደነገጥኩ።

የማህበር አባል (ሽምብጥ)

ስለ ማህበር ለጠየቅሽው ልመልስ። መምህር ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በመኖሪያ ቤት ማህበር ተደራጅተናል። መሬት በሊዝ ሕጉ መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ነው የሚሰጠው። ጨረታው ለእኔና ለአንቺ የሚሆን አይደለም፤ ማህበር ግን በምደባ ያገኛል። ጥሩ መንገድ ነው። ከተማችን ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኖ ቤት የሠራ ሰው ካየሽ አብዛኛው በዚህ የመጣ ነው።

ግን ለዘንድሮ ኪራይሽ መፍትሔ አይሆንም። ገንዘቡን ባንክ አስገብተሽ ይታገዳል፤ ልታወጪው አትችይም። መሬቱ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። እየጠበቅሽ ኪራይ መክፈልሽ አይቀርም፤ ሁለቱም ከአንድ ኪስ ነው የሚወጣው። እኛ ገንዘቡን ስናስገባ ቤት ይጨርስ የነበረው አሁን መሠረት ማውጣቱንም እንጃ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። የገባው ገንዘብ ዋጋው እየወረደ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ደግሞ እየወጣ። ቆጥቡ ያለን አካል መሬቱን በጊዜው ባያደርስ ቢያንስ ለታገደው ገንዘብ ተመጣጣኝ ወለድ ሊያስብልን ይገባል።

ግቢ፣ አትተይው። የነዋሪነት መታወቂያሽ የባሕር ዳር መሆኑንና በስምሽ ሌላ ቤት አለመኖሩን አረጋግጪ። የልጆችሽን የዓመት ወጪ ግን ከዚያ ላይ እንዳትነኪው።

የቀበሌ ቤት ልጅ

እኔ ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ። ትንንሽ ኪራዮችንም ቀነሰ። እናቴ በዚያ ኪራይ አምስት ልጅ አሳድጋለች፤ ማንም "ውጪ" ብሏት አያውቅም። ጣሪያው ሲያፈስ ግን የሚጠግነው ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ገቢ ጥገና አይወጣማ። ሰው በግሉ ቤት ሠርቶ ማከራየትም ስላልቻለ አዲስ የሚከራይ ቤት ጠፋ። እህታችን ጊዜ ስጡኝ ያለችው ገብቶኛል። እኛ ያን ጊዜ አግኝተን ነበር። ዛሬ የሚወጣው ሕግ ግን ለቤቱ ጥገናም ያስብ።

የፔዳ ሰፈር

ኮንዶሚኒየሙስ? አዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞችም መጥቶ ነበር። ባሕር ዳርም ተሠርቷል። ከዚያ በክልል ከተሞች ቆመ። እኔ ያለሁት እዚያው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ግን ተከራይቼ። ለዝቅተኛ ገቢ የተባለው ቤት ተመልሶ ኪራይ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ደግሞ መስከረም ላይ ተማሪ ሲገባ ክፍሏን በአልጋ ቁጥር ስለሚያከራዩ ቤተሰብ ያለው ሰው ቦታ የለውም። ቀበሌ 14ን አትልቀቂ።

ልብስ ሰፊዋ (ቀበሌ 14)

የሆነውን ልንገራችሁ። የማርያም ማህበራችን ሁለት እናቶችና የአከራዬ የክርስትና ልጅ አብረው ሄዱልኝ። እኔም ገባሁ። ስለ አዋጁ አልተናገርኩም። "ጋሼ፣ አጥሩን አውቃለሁ" አልኳቸው። ከዚያ የዩኒፎርሙን ወቅት አስረዳሁ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ገንዘብ እንደሚኖረኝ ነገርኳቸው።

4,800 ላይ ተስማማን። ቅድሚያው ሁለት ወር ሆነ። ውል እንጻፍ ስል ትንሽ ተከዙ። "እኔን አታምኚኝም?" አሉኝ። አንዷ እናት ቀበል አድርገው "ውሉ ለእርስዎም ነው፣ ባትከፍል ማስረጃ ይሆንዎታል" አሏቸው። ያኔ እሺ አሉ። የማሽኗም መስመር ገባች። መብራቱን ደግሞ ቆጣሪ እያየን እንድንከፍል ተስማምተናል።

አንድ ነገር ቀረ። እሳቸው የሚፈርሙት ለአንድ ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ሲባሉ አልወደዱትም። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመቱን እፈልገዋለሁ፤ ትንሿ ልጄ ከዚህ ትምህርት ቤት ሳትወጣ ስምንተኛን የምትጨርሰው ያኔ ነው። ጠበቃው ወንድሜ፣ የአንድ ዓመት ውል ይዤ ክፍለ ከተማ ብሄድ ይመዘግቡልኛል ወይስ ሁለት አድርጋችሁ አምጡ ይሉናል? ባሕር ዳር ውስጥ ውል ያስመዘገባችሁ ተከራዮችም ካላችሁ የሄዳችሁበትን ቢሮና የጠየቋችሁን ወረቀት ጻፉልኝ። ሰኞ ጠዋት ከአከራዬ ጋር አብረን እንሄዳለን ተባብለናል።

ጠበቃው (ፋሲሎ)

አዋጁ በሚሠራበት ቦታ ዝቅተኛው ሁለት ዓመት ስለሆነ አስተካክሉ ማለታቸው አይቀርም። ያን ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከቢሮው ቢሰሙት ይሻላል፤ እንዳልሽው አብራችሁ ሂዱ። የሁለታችሁን መታወቂያ፣ የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃና ሁለት ምስክር ያዙ። ፊርማው በአራት ቅጂ ይሁን።

ልብስ ሰፊዋ (ቀበሌ 14)

ካርታው እሳቸው ጋ አለ፣ ይዘውት ይመጣሉ። ምስክሮቹ እነዚያው ሁለቱ እናቶች ናቸው። ሰኞ የሚሉንን እዚሁ እጽፋለሁ።