ከድሬዳዋ የመጣው ሐረግ ፍሬው ይበላል?

የቀበናዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። አምና ወንድሜ ከድሬዳዋ፣ ከሰው አጥር ላይ ሁለት የሐረግ ቁራጭ አምጥቶልኝ ቆርቆሮው ሥር ተከልኳቸው። አሁን ሁለቱም ነጭ አበባ አውጥተዋል። አንዱ አውራ ጣት የሚያክል፣ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ መስመር ያለው ፍሬ ይዟል። ሌላው አበባው ይረግፋል፣ በቃ። ህንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ፎቶውን አይታ «ቲንዶራ ነው፣ እኛ ጠብሰን እንበላዋለን» አለችኝ። እናቴ ግን «የምድር እንቧይ ቢሆንስ?» ብላ ልጆቹን አታስነካም። ይበላል? ፍሬ የማይሰጠውንስ ልንቀለው?

የጓሮ ሰው፦ እህቴ፣ እንዳትነቅዪው! ወንዱ እሱ ነው። ቲንዶራ (ሳይንሳዊ ስሙ ኮክሲኒያ ግራንዲስ) ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። የሴቷን አበባ ከሥሩ እዪው፤ ገና ሳይፈካ ትንሽዬ ኪያር የመሰለች እብጠት አለችው። የወንዱ ቀጭን አንገት ብቻ ነው። ነቅለሽው ሴቷ ፍሬ ብታቆም ይቆጭሻል።

ሐረግ ወዳድ፦ ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ የምድር እንቧይ አበባው ቢጫ ነው። ስጋታቸው ግን ልክ ነው። የቅል ዘመዶች ኩኩርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ብትቀቅዪውም አይጠፋም። ስለዚህ ተክሉን የሚያውቅ ሰው በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥልሽ። ከዚያም በምላስሽ ጫፍ ነካ አድርጊው። ከመረረ ትፍት አድርጊና ሁሉንም ጣዪው።

የወለጋ ልጅ፦ የእኛ አንጮቴ የቅርብ ዘመዱ ነው! የአንጮቴ ግን የሚበላው ሥሩ ነው።

ማዕድ ቤት፦ ከበሰለ ይቀላል፣ ይለሰልሳል፤ ለጥብስ የሚሆነው ለጋው ነው። ቁመቱን ይዘሽ ለአራት ሰንጥቂው። ዘይትና ሽንኩርት ላይ ጣዪው፣ እርድና ትንሽ በርበሬ ጨምሪ። እንደ ፎሶሊያ ነው፣ ጠርዙ ቡናማ ሲል አውጪው።

የጓሮ ሰው፦ አንድ ነገር ረሳሁ። ቀዩን ፍሬ ወፍ በልታ ዘሩን ትበትነዋለች። ሃዋይ ውስጥ ዛፉን ሁሉ ሸፍኖ አስቸግሯል። የኅዳር ብርድ እድገቱን ቢያዘገየውም፣ ፍሬውን ሳይቀላ ልቀሚው፤ ወደ ጎረቤት ሲሻገርም ቁረጪው።

የቀበናዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት መጥታ አየችው፣ «ራሱ ነው» አለች። አንዷን ሰነጠቅናት፤ ውስጧ ልክ እንደ ኪያር ነው፣ አትመርም። አሥራ አንድ ፍሬ አለ። ቅዳሜ እናቴ እያየች እጠብሰዋለሁ። ወንዱ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፣ ማንም እንዳይነቅለው።