«መካከለኛ» የተባለ የተራራ መንገድ ከ11 ዓመት ልጅ ጋር ይቻላል? ኃላፊነቱስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁም። በሚቀጥለው ወር ከታናሽ ወንድሜና ከ11 ዓመቷ ልጄ ጋር አንድ ተራራ በእግር ለመውጣት አስበናል። መንገዱን ያገኘሁት የተራራ መንገዶችን ከሚዘረዝር ድረ ገጽ ነው። ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር፣ የሚወጣው አቀበት 900 ሜትር፣ የሚፈጀው ጊዜ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ የአስቸጋሪነት ደረጃው «መካከለኛ» ይላል። ፎቶግራፎቹ ልብ ይሰርቃሉ። ከገጹ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል «በዚህ መረጃ የሚጠቀም ሰው ለሚደርስበት ሁሉ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል» የሚል ሰፍሯል።

ይህን ሳነብ የደነገጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ከሌላ ድረ ገጽ «ቀላል» የተባለ፣ ዙሮ ወደ መነሻው የሚመልስ መንገድ ይዤ ወጣሁ። መጨረሻው አካባቢ ስደርስ በመግለጫው ላይ የተጠቀሰውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። የመጣሁበትን ሁሉ ወደ ኋላ ተጉዤ መኪናዬ ዘንድ የደረስኩት ከጨለመ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። መብራት ስላልያዝኩ በስልኬ ብርሃን እየተመራሁ ነበር የምሄደው። ያን ቀን ግን ብቻዬን ነበርኩ፤ አሁን ልጄን ይዤ ነው የምወጣው።

«መካከለኛ» የሚባለው ለማን ነው? የተጻፈውን ሰዓት ማመን እችላለሁ? መግለጫው ተሳስቶ ብንጎዳስ ጥፋቱ የማን ይሆናል?

መልስ፦ የመንገድ መሪ

እህቴ፣ ሰዎችን እየመራሁ ተራራ ስወጣ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «መካከለኛ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ጸሐፊው በየሳምንቱ የሚወጣ ጎልማሳ ከሆነ የእሱ መካከለኛ ለልጅሽ ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድረ ገጹ ደረጃዎቹን የሚያብራራበት ሠንጠረዥ እንዳለው ፈልጊ። የታወቁ መለኪያዎች አሉ። የስዊዘርላንድ የአልፕስ ክበብ መለኪያ ከቲ1 እስከ ቲ6 ይደርሳል። ቲ1 በደንብ የተበጀ መንገድ ነው፤ ቲ3 ላይ ሚዛን ለመጠበቅ አልፎ አልፎ እጅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከቲ4 ጀምሮ በእጅ እየያዙ መውጣት የሚጠይቁ ቦታዎች ይመጣሉ። አሜሪካውያን ደግሞ ዮሴሚቲ በሚባለው መለኪያ ከ1 እስከ 5 ይቆጥራሉ፤ 1 ተራ የእግር መንገድ ነው፣ 5 በገመድ የሚወጣ ቋጥኝ። የአንዱ 3 ከሌላው 3 ጋር አንድ አይደለም። ድረ ገጹ በየትኛው እንደለካ ካልገለጸ ቃሉን እንደ አንድ ሰው አስተያየት ብቻ ውሰጂው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ደረጃው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለመንገዱ በጠቅላላው ነው። አንቺን የሚያቆምሽ ግን አስቸጋሪው 30 ሜትር ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር ለስላሳ መንገድ ተጉዘሽ፣ ከጫፉ በታች አንድ ጎኑ ገደል የሆነ ጠባብ ሸንተረር ብትደርሺ፣ ቀኑን የሚወስነው ያ ሸንተረር ነው። ልጆች ሲወጡ ፊታቸው ወደ ድንጋዩ ስለሆነ አይፈሩም። ፍርሃቱ የሚመጣው ሲወርዱ፣ ገደሉን ፊት ለፊት ሲያዩት ነው። አንዲት ልጅ ያለ ችግር በወጣችው ቦታ ላይ ለመውረድ እግሯ አልታዘዝ ብሏት፣ አንዱን እርምጃ ከሌላው እያስከተልን ለማውረድ አንድ ሰዓት ፈጅቶብናል። ስለዚህ መግለጫውን ስታነቢ «ገደል»፣ «ሰንሰለት»፣ «ልቅ ድንጋይ»፣ «የሚንሸራተት»፣ «በእጅ» የሚሉትን ቃላት እያሰመርሽ አንብቢ። በፎቶግራፍ አትተማመኚ። ሰው ሁለት እጁ በቋጥኝ ተይዞ ሳለ ፎቶግራፍ አያነሳምና ከባዱ ቦታ ብዙ ጊዜ ሥዕል የለውም።

መልስ፦ ካርታ አንባቢ

ስለ ሰዓቱ እኔ ልመልስልዎት። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያስቀመጠው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። በሜትር ሲነገር፣ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ነው። የእርስዎ 14 ኪሎ ሜትር 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ 900 ሜትሩ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይሆናል፤ ድምሩ 4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያዩት ቁጥር በዚህ ቀመር የተሰላ ይመስለኛል፤ ሰው ተጉዞ የለካው ላይሆን ይችላል። ቀመሩ የታሰበው ጠንካራ እግር ላለው ሰው ነው፤ ዕረፍትን፣ ምግብን፣ የልጅን እርምጃ አያስብም። ከጉዞው በፊት ከልጅዎ ጋር አንድ ትንሽ ኮረብታ ይውጡና ሰዓት ይያዙ። ቀመሩ ካለው ጊዜ ስንት እጥፍ እንደፈጀባችሁ ያስሉ፤ ትልቁንም ጉዞ በዚያው ያባዙት።

ሁለተኛው ስለ ጂፒኤስ መስመሩ፣ ማለትም መንገዱን በስልክ ካርታ ላይ ስለሚያሳየው መስመር ነው። ፋይሉን ወደ ስልክዎ ሲያወርዱ አጉልተው ይመልከቱት። በእግር ተጉዘው የቀዱት መስመር ትንንሽ ጠመዝማዛዎች አሉት። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የተሳለ መስመር ግን ረጃጅም ቀጥታ ቁርጥራጭ ይሆንና አንዳንዴ ገደል አቋርጦ ያልፋል። መስመሩን የከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ መስመሮች) ባሉት ካርታ ላይ ያኑሩት፤ የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ከተደራረቡ ቦታው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ወይም በቋጥኝ ግድግዳ ሥር የሳተላይቱ ምልክት በድንጋይ ላይ እየነጠረ ስለሚደርስ ስልክዎ ያሉበትን ቦታ በብዙ ሜትሮች ሊያሳስተው ይችላል። ብርድ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድመው ያውርዱት፣ ስልኩን ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙት፣ የወረቀት ካርታና ኮምፓስም ቦርሳዎ ውስጥ ይኑሩ።

መልስ፦ ሞጋች

እኔን የሚያናድደኝ ግን ያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነገር ነው። ሰውን በውብ ፎቶግራፍ ጠርቶ «ና፣ ቀላል ነው» ካለ በኋላ «ብትወድቅ አላውቅህም» ማለት ተገቢ አይደለም። «ቀላል» ብሎ የጻፈ ሰው ለቃሉ መጠየቅ አለበት።

መልስ፦ መንገድ ጸሐፊ

ወንድሜ ሞጋች፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ እኔ ግን ከእነዚያ ጸሐፊዎች አንዱ ነኝና ከዚህኛው ወገን ያለውን ልንገርህ። አንድን መንገድ የምጽፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ተጉዤበት ነው። ያ ቀን ደረቅ ከነበረ፣ ድንጋዩ ሲረጥብ ምን እንደሚመስል አላየሁም። ጠርቶ ከነበረ፣ በጭጋግ ውስጥ ዱካው የት እንደሚጠፋ አላየሁም። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ዛፍ ይወድቃል፣ መሬት ይንሸራተታል፣ ጎርፍ ድልድይ ይወስዳል። የኃላፊነት ማሳሰቢያው ይህን ሁሉ እከታተላለሁ ብዬ ቃል መግባት አለመቻሌን የሚናገር ነው።

ማሳሰቢያው ግን ከእኔ ላይ የማያነሳው ዕዳ አለ። አንድ ጊዜ «መንገዱ በቀላሉ ይገኛል» ብዬ ጽፌ ነበር። አንዲት ሴት በጭጋግ ውስጥ መገንጠያው ጠፍቶባት ሦስት ሰዓት እንደተንከራተተች ጻፈችልኝ። ገጹን ያን ሌሊት አስተካከልኩት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ከዚያ ወዲህ መቼ እንደተጓዝኩ፣ አየሩ ምን እንደነበረ፣ የትኛውን ክፍል እንዳልተጓዝኩ ሳልጽፍ አላወጣም። ጠያቂዋ እህቴ፣ እርስዎም ገጹ ላይ የጉዞው ቀን እንዳለ ይዩ። ቀን የሌለው መግለጫ ከሆነ ስለ ድልድይ፣ ስለ ምንጭና ስለ መጠለያ የሚለውን ሁሉ ያልተረጋገጠ አድርገው ይውሰዱት፤ ቦታውን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤትም ደውለው ይጠይቁ።

በሕግ ማን ይጠየቃል ለሚለው፣ መልሱ እንደየአገሩ ስለሚለያይ የሕግ ባለሙያ ነው የሚነግርዎት።

መልስ፦ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኛ

እህቴ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከተራራው ከወረድሽ በኋላ የሚነሳ ነው። ላይ ሳለሽ የሚያግዝሽን ልንገርሽ።

ከመነሳትሽ በፊት አብሯችሁ ለማይሄድ አንድ ሰው በጽሑፍ ስጪ፦ በየት እንደምትወጡ፣ መኪናው የት እንደቆመ፣ መቼ እንደምትመለሱ፣ ከዚያ ስንት ሰዓት ካለፈ ለነፍስ አድን እንደሚደወል። በእኛ ሥራ ሌሊቱን የሚበላው የጠፋው ሰው በየት በኩል እንደወጣ አለመታወቁ ነው። የሸለቆው ሁሉ አፍ አንድ በአንድ ይፈተሻል።

የመመለሻ ሰዓት ቤትሽ ሳለሽ ወስኚ፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ጫፉ ከፊታችሁ ቢታይም ተመለሱ። ድካምና ጉጉት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው በትክክል አያስብምና እዚያው ላይ ለመወሰን አትተዪው። የሞላ ወንዝ አትሻገሩ። የበረዶ ውኃ የሚመግበው ወንዝ ጠዋት ትንሽ የነበረው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ሊሞላ ይችላል። መብረቅ ካየሽ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሪ፤ ከ30 ሰከንድ ካነሰ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ታች ሞቃት የነበረ ቀን ጫፉ ላይ ከነፋስ ጋር የሚያንቀጠቅጥ ይሆናል። ፊሽካ ለእያንዳንዳችሁ ይኑራችሁ፣ ለልጅሽም። በተራራ ላይ የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ መድገም ነው። መልሱ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው። በግንባር የሚታሰር መብራት የሚለውን ካለፈው ዓመት ተምረሽዋል፤ ለሦስታችሁም ያዢ።

ጀማሪ ተጓዥ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከልጄ ጋር 5 ኪሎ ሜትር፣ 300 ሜትር አቀበት ያለው ኮረብታ ወጣን። ቀመሩ 1 ሰዓት ከ30 ይላል፤ የፈጀብን 2 ሰዓት ከ15 ነው። አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ከተባዛ ትልቁ ጉዞ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሊወስድብን ነው፣ ያውም ምግብ የምንበላበት ጊዜ ሳይታሰብ። የአካባቢውን ጽሕፈት ቤት ስጠይቅ ደግሞ ከጫፉ በታች በብረት ሰንሰለት እየያዙ የሚያልፉት ቦታ እንዳለ ነገሩኝ። በድረ ገጹ ላይ ስለ ሰንሰለት አንድም ቃል የለም። ስለዚህ እስከ ኮርቻው (በሁለት ጫፎች መካከል እስካለው ዝቅ ያለ ቦታ) ብቻ ሄደን ለመመለስ ወስነናል። ልጄ ጫፉን በፎቶግራፍ አይታዋለችና እንዳታዝን እፈራለሁ።

የመንገድ መሪ

አሁኑኑ ንገሪያት እንጂ እዚያ ደርሰሽ አትንገሪያት። ካርታውን አብራችሁ ዘርጉና ኮርቻውን ራሷ ታግኘው፤ የጉዞው መድረሻ እሱ ነው በያት። የሰዓቱንም ቁጥጥር ለእሷ ስጪ። መመለሻው ሲደርስ የምታሳውቀው እሷ ትሁን።

ጀማሪ ተጓዥ

እንደዚያው አደርጋለሁ። ስለ ሰንሰለቱ ለድረ ገጹ ጸሐፊ ጽፌለት ነበር። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ከ«መካከለኛ» ቀጥሎ «ከጫፉ በታች ሰንሰለት አለ፤ እኔ ያለፍኩት በደረቅ ቀን ነው» የሚል መስመር ጨምሮበታል።