ክርክር፦ ቤት የሚማር ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ይፈተን?

እናት፣ ከጊንጆ፦ ልጄን ዘንድሮ ቤት ነው የማስተምራት፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። ጥር ሲገባ ባለቤቴ «እንደ እኩዮቿ የሴሚስተር ፈተና ትፈተን፣ ውጤቷ በቁጥር ይታይ» አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። የጅማ ወላጆች ምን ትላላችሁ?

አባት፣ ከመርካቶ፦ ባለቤትሽ ልክ ነው እህቴ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃታል። ካሁኑ ካልለመደች ያኔ ትደነግጣለች። ደግሞ እናት ለልጇ ታደላለች፤ ቁጥር አያዳላም።

ጡረተኛ መምህር፣ ከመንደራ ቆጪ፦ ቁጥርም ያታልላል ወንድሜ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች በየሴሚስተሩ እየተፈተኑ፣ ካርድ እየተቀበሉ ያደጉ ናቸው። ካርዱ ቀድሞ ያስጠነቀቀው ማንን ነው?

ልጄ፣ እንዲህ አድርጊ። አይታው የማታውቀውን ገጽ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። መጽሐፉን ዝጊና ያነበበችውን በራሷ ቃል ትንገርሽ። ከዚያ ሒሳብ ስጫት፦ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ከሆነ 5 ፈረሱላ ቡና ስንት ኪሎ ነው? 85 ብትልም አትለፊያት፣ እንዴት እንዳገኘችው ጠይቂያት። ከሳተች ማባዛቱ ነው የከበዳት ወይስ ጥያቄው አልገባትም? «ከአሥር ስድስት» ይህን አይነግርሽም። የመስከረም ደብተሯንም አውጪ። ያኔ የጻፈችውን ቃለ ጽሕፈት ዛሬ ድገሚላትና ሁለቱን አስተያዪ።

አክስት፣ ከሄርማታ፦ ማን ይፈትናት የሚለውስ? እናት ሳታስበው በዓይኗ መልስ ትነግራለች። አክስት ወይም ጎረቤት ያስነብባት። አንድ ነገር ልጨምር፦ በአማርኛ ብቻ አትመዝኗት። እዚህ ጅማ የአማርኛውን ፊደል አቀላጥፎ አንብቦ ቁቤ ላይ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ላይ፣ የሚንተባተብ ልጅ ብዙ ነው። ትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱም ይጠበቅባታል።

አባት፣ ከመርካቶ፦ የቁቤው ነገር እውነት ነው፣ እስማማለሁ። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለቤት ይሆናል እንጂ ለምዝገባ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። «በቃሏ ተረከችልኝ» ብላ እናት ማንን ታሳምናለች? ሰዓት ተይዞ፣ በወረቀት፣ ብቻዋን ትሥራ።

መምህሩ፦ ይሁን፣ አንድ ቀን በወረቀት ትሥራ። እሱን አልከለክልም። ነጥቡን ግን ወላጆቿ ይያዙት፣ ከእኩዮቿ ጋር አታወዳድሯት። የሳተቻቸውን ጥያቄዎች በማግስቱ አብራችሁ ሥሯቸው። የየካቲትን ትምህርት ከዚያ ጀምሩ፤ የመጽሐፉ ምዕራፍ ወደ ኋላ ቢቀር አያስጨንቃችሁ።