ኖድ 3 ከክላስተሩ እየወጣ እየገባ ነው፣ ፒንግ ግን ይመልሳል! ቶሎ እርዱኝ

ኖድ_ሦስት_ገደለኝ፦ ሰዎች አስቸኳይ ነው። ባለ ሦስት ኖድ ክላስተር ነው፣ ማለትም ሦስት ሰርቨሮች እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበት። ኖድ 3 ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎኛል። ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ዳታ ማመሳሰል ሲጀምር እንደገና ድርግም። ኔትወርኩ ደህና ነው። ፒንግ ሳደርገው (ትንሽ መልእክት ልኬ መልስ ስጠብቅ) አንድ ፓኬት እንኳ አይጠፋም፣ የኔትወርክ ካርዱም አፕ ነው ይላል። ስለዚህ ችግሩ የክላስተሩ ሶፍትዌር ነው። ኖዱን ሳላበላሽ እንዴት አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?

ሪስታርት_ፈውስ_ነው፦ ሪስታርት አድርገው።

ኬብል_ጎታች፦ ሲስተሙ ምንድነው? ስንት ካርድ አለው? ጠንቋይ አይደለንም እኮ ወንድሜ።

ኖድ_ሦስት_ገደለኝ፦ ሊኑክስ ነዋ፣ ሌላ ምን ሊሆን! ክላስተሩ በኮሮሲንክ ነው (ኖዶቹ እርስ በርስ የሚከታተሉበት ፕሮግራም)። ካርድ ሁለት አለው፤ ኢኖ1 ለማኔጅመንት 1 ጊጋ፣ ኢኤንኤስ2 ለክላስተር 10 ጊጋ። ፒንግ ይሠራል አልኩ እኮ።

ጋሽ_ፕሮቶኮል፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ረጋ በል። ክላስተር የሚቆመው በአብላጫ ድምፅ ነው። ከሦስት ኖድ አብላጫው 2 ነው። ኖድ 3 ሲወጣ 1 እና 2 ሥራውን ይዘው ይቀጥላሉ። አሁን ከሁለቱ አንዱን ብትነካ ግን የቀረው ብቻውን አብላጫ ስለማይሆን ሥራ ያቆማል። የዛሬ ልጆች ይህን ሳታውቁ ትጭናላችሁ። በእኛ ጊዜ ኮአክሲያል ኬብል ነበር፤ ጫፉ ላይ ያለው ተርሚኔተር ከወለቀ መስመሩ ላይ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ይጠፋ ነበር። ያኔ ነው ሰው ከኬብል መጀመርን የተማረው።

ሪስታርት_ፈውስ_ነው፦ ሦስቱንም አንድ ላይ ሪስታርት ቢያደርጋቸውስ?

ኬብል_ጎታች፦ አቦ ሰውየውን ከሥራ አታስባርረው! ጋሽዬ አሁን የጻፉትን አንብብ።

እስቲ_አሳየኝ፦ እኔ ኔትወርኩ ደህና ነው የሚለውን አልቀበልም። ፒንግ ያደረግከው በስም ነው በአድራሻ?

ኖድ_ሦስት_ገደለኝ፦ በስም። ኖድ3 ብዬ።

እስቲ_አሳየኝ፦ እሱን ነው የጠረጠርኩት። ስሙ በማኔጅመንት አድራሻ ከተመዘገበ ፒንግህ በኢኖ1 ሄዶ በኢኖ1 ይመለሳል። ኮሮሲንክ የሚያወራበትን ካርድ አልነካኸውም ማለት ነው። «አይፒ ራውት ጌት» ብለህ የፒንጉን አድራሻ ስጠው፣ በየትኛው ካርድ እንደሚወጣ ይነግርሃል። ከዚያ በኢኤንኤስ2 አድራሻ ፒንግ አድርግ። በ«ኮሮሲንክ ሲኤፍጂቱል»ም የሊንኮቹን ሁኔታ እይ።

አፕ ስላለ ደግሞ አትዘናጋ። አፕ ማለት ካርዱ እንዲሠራ ታዝዟል ማለት ብቻ ነው። የሽቦውን ነገር የሚነግርህ «ሎወር አፕ» የሚለው ነው። ኬብሉ ተነቅሎ «ኖ ካሪየር» እያለም አፕ የሚለው ቃል እዚያው ይቀመጣል።

ኖድ_ሦስት_ገደለኝ፦ ልክ ነህ፣ በኢኖ1 ነው የሚወጣው። በኢኤንኤስ2 ሳደርግ አልፎ አልፎ ይቆረጣል። ግን ኢትቱል (የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየው ትእዛዝ) ፍጥነት 10000፣ ሊንክ ዲቴክትድ የስ ይላል። ታዲያ ሊንክ አለ አይደል?

ሪስታርት_ፈውስ_ነው፦ ኖዱ ካልሆነ ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበትን ስዊች ሪስታርት አድርገው 😂

እስቲ_አሳየኝ፦ ኢትቱል የሚነግርህ የጠየቅከውን ቅጽበት ነው። ከደቂቃ በፊት ወድቆ ተነሥቶ እንደሆነ አይነግርህም። /ሲስ/ክላስ/ኔት/ ውስጥ በካርዱ ስም ፎልደር አለ፣ እዚያ ውስጥ «ካሪየር ቼንጅስ» የሚል ፋይል ታገኛለህ። ሊንኩ በወጣና በገባ ቁጥር ይቆጥራል። የኖድ 3ን ከኖድ 1 ጋር አወዳድር።

ኖድ_ሦስት_ገደለኝ፦ ኖድ 1 ላይ 2። ኖድ 3 ላይ 418!!

ኬብል_ጎታች፦ ሶፍትዌሩን ተወው በቃ፣ አትንካው። የኖድ 3ን ኬብል ጫፎቹ ላይ ካሉት ሞጁሎች ጋር ቀይር። ሌላ ከሌለህ ያንኑ ኬብል ይዘህ ስዊቹ ላይ ባዶ ፖርት ላይ ሰካው፣ ግን ፖርቱ ያው ቪላን (ስዊቹ ውስጥ የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ መሆኑን አረጋግጥ። ቆጣሪው መጨመሩን ካቆመ ችግሩ የድሮው ፖርት ጋ ነበር። ከቀጠለ ኬብሉን፣ ሞጁሉን ወይ ካርዱን ጠርጥር። በኢትቱል ስታቲስቲክስ የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ) እየጨመረ እንደሆነም እይ። ፋይበር ከሆነ ኢትቱል በሞጁሉ የሚገባውን የብርሃን ኃይል ያሳይሃል፤ ከደህናው ኖድ በጣም ካነሰ ጫፉን አጽዳ።

ጃምቦ፦ ኤምቲዩውንም (በአንዴ የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) እዩ እንጂ! ማመሳሰል ሲጀምር ይወድቃል ብሏል እኮ። ኖዶቹ 9000 ሆነው ስዊቹ 1500 ከሆነ ትንሹ ፒንግ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። እንዳይቆራረጥ ከልክለህ በ8972 መጠን ፒንግ አድርግ። የቀሩት 28 ባይቶች የአይፒና የአይሲኤምፒ ሄደር ናቸው።

እስቲ_አሳየኝ፦ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን ኤምቲዩ ሊንኩን 418 ጊዜ አይጥለውም። መጀመሪያ ሽቦው።

ትልቁ_ራክ፦ በኢተርኔት ፋንታ ኢንፊኒባንድ (ሌላ ዓይነት ፈጣን የክላስተር ኔትወርክ) የምትጠቀሙ ደግሞ በኢትቱል አትድከሙ። «አይቢስታት» ነው የሚታየው። ፊዚካል ስቴት ሊንክ አፕ፣ ስቴት አክቲቭ መሆን አለበት። ፖሊንግ ካለ ሌላውን ጫፍ እየፈለገ ነው፣ ኬብሉን ተመልከቱ።

ኖድ_ሦስት_ገደለኝ፦ የኔ ኢተርኔት ነው። ሰርቨር ክፍል ልወርድ ነው።

አድማጭ12፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የኔ ሊንክ አፕ ይላል፣ ስቴት ግን ኢኒሺያላይዚንግ ላይ ቆሞ ቀርቷል። በሁሉም ኖድ ላይ ነው።

ትልቁ_ራክ፦ ሰብኔት ማኔጀር (ለካርዶቹ አድራሻ ሰጥቶ መስመሩን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) የለህም። ከኖዶቹ አንዱ ላይ «ኦፕን ኤስኤም» አስነሣ፣ ወይም ስዊችህ የራሱ ካለው እሱን አብራ። ኬብልህ ደህና ነው፣ አትነካካው።

አድማጭ12፦ ሁሉም አክቲቭ ሆኑ! ኦፕን ኤስኤም የነበረበትን ሰርቨር ሰዎቹ ባለፈው ነቅለው ወስደውታል ለካ። ተባረክ።

ኬብል_ጎታች፦ ባለ ኖድ 3፣ የት ደረስክ? ቆጣሪው ቆመ?

ሪስታርት_ፈውስ_ነው፦ ሪስታርት አድርጎት ይሆናል።