ክርክር፦ «ሰው የማይረብሸው ተራራ» እና የክረምቱ ጉዞ ወደ ስሜን

ቤዛዊት ከሜሪላንድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእነሱ በጋ ነው፤ ያው የእኛ ክረምት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አገር ቤት እንገባለን። ጎንደር ዘመድ ከጠየቅን በኋላ ስሜን ተራሮችን ላሳያቸው አስቤ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጻፍኩ። የላኩልኝ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ሰው የማይረብሸው ተራራ። ጭላዳና ዋልያ ብቻ የሚኖሩበት ንጹሕ ተፈጥሮ።» አባቴ የተወለደው ጃናሞራ ነው። እኔም በልጅነቴ በዚያ መንገድ በበቅሎ ተፈናጥጬ ወርጃለሁ። ታዲያ እኛ ማን ነበርን? ረባሽ? ደሜ ፈላ። ገንዘቤን ለእነዚህ ልስጥ? ደግሞስ በክረምት መሄዱ ያዋጣል?

ቡልቡላ፦ ጉም ለማሳየት ይህን ሁሉ ትኬት ቆርጠሽ? ሐምሌ ላይ ስሜን ሄደሽ ከፊትሽ ያለውን በቅሎ ካየሽ ዕድለኛ ነሽ።

የደባርቁ፦ እህቴ እሱን አትስሚው። በክረምት አይኬድም የሚሉት ፎቶ ለማንሳት ብቻ የሚመጡት ናቸው። ጉሙ እውነት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አይቀርም፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ግን ጠዋት ላይ ሲገልጥ የምታዪው አረንጓዴ በጥር አይገኝም። ጅንባር ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር የሚወረወር ነው፤ በበጋ ብትመጪ ቀጥኖ ታገኚዋለሽ። ጭላዳው ደግሞ የትም አይሄድም። ሳንቃበር ካምፕ አካባቢ ሳር ሲነጭ ነው የሚውለው። ልብስ ደርቡ፤ ሳንቃበር ራሱ 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ ለሊቱን ልጆች አይችሉትም።

ማስታወቂያውን በተመለከተ፦ ይህን የጻፈው ሰው ጫማው ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ሰው የማይረብሸው! አንድ ጎብኚ ሲገባ አስጎብኚ አለ፣ ስካውት ከነጠመንጃው አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ፣ በቅሎ ጫኝ አለ። ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ሰው አይደለም?

ጅብራ፦ ማስታወቂያው የገጠጠ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ሐሳቡ ግን ውሸት አይደለም። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ለምን? እርሻው ገደል አፋፍ ደረሰ፣ ከብቱ ጓሳ ሣሩን ጨረሰ፣ ዋልያው ተመናመነ፣ መንገዱ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። በፓርኩ መሃል የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተነሡ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለቱን ነገሮች አያይዟቸው። ስሜታችን ሌላ፣ ተራራው ሌላ።

የደባርቁ፦ «ተነሡ» አልክ? ጠዋት ተነሥተው ፊታቸውን የታጠቡ አስመሰልከው። ከ400 በላይ አባወራ ነው በእኛ አቆጣጠር በ2008 የወጣው። ገብስ የሚያመርት ገበሬ፣ በግ የሚያረባ ሰው። ካሳ ሰጥተው ከተማ አስቀመጡት። ካሳው ቤት ሆነ፣ አለቀ። ከዚያስ? ገበሬ ያለ መሬት ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ዛሬ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ በወሬ አይደለም የምነግርህ።

ጅብራ፦ ካሳው በቂ አልነበረም ብትለኝ እከራከርልሃለሁ። መኖር ነበረባቸው ካልከኝ ግን አልስማማም። ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አንዴ የታረሰ አፈር ከታጠበ አይመለስም። ሰውየው ራሱ ድሃ ሆኖ ነበር የሚኖረው።

ቡልቡላ፦ «ሰውየው ራሱ ድሃ ሆኖ ነበር።» ስለዚህ ከተማ ወስደን ድሃ አደረግነው። ገባኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ነገሩ በ2008 አልተጀመረም። በ1971 ገደማ በደርግ ጊዜም ከሰሜኑ ገደል ሥር ያሉ መንደሮች በግድ እንዲለቁ ተደርገዋል። ያኔ ካሳ የሚባል ነገርም አልነበረም። ኋላ ሥርዓቱ ሲወድቅ ሰዉ ተመልሶ ሰፈረ። ቂሙም አብሮ ተመለሰ፤ የፓርኩን ንብረት እስከ ማውደም ተደረሰ። በግድ ያስወጣኸው ሰው ፓርክን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። ይህን የማስተምረው በትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬም እዚሁ ልደግመው ሆነ።

ዲንሾ፦ ቤዛዊት፣ ስሜኖችን ተያቸውና ባሌ ነይ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ከመኪና ሳትወርጂ ታያለሽ፤ በዓለም ላይ ካለው ከግማሽ በላይ እኛ ጋ ነው። ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪናው ጫፉ ድረስ ይወጣል። ልጆችሽን በጭቃ አታስጎትቺ። የሐረና ጫካን ደግሞ ስሜኖች በሕልማቸውም የላቸውም።

የደባርቁ፦ ተራራ በመኪና! እዚያው ሜሪላንድ ፎቅ ላይ በሊፍት ትውጣና ትመለስ።

ዲንሾ፦ እናንተ ቀይ ቀበሮ አለን ትላላችሁ፤ ያየው ሰው ግን የለም። እኛ ደግሞ ከመስከረም 2016 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበናል።

የደባርቁ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። 45 ዓመት ብቻ ነው የዘገያችሁት።

ጅብራ፦ ባሌ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። ባሌ ፓርክ ውስጥ ሰው አለ፤ ከብትም አለ፤ ውሻም አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮው እየተዛመተ ስንት ጊዜ መንጋውን እንደፈጀው ታውቃላችሁ። በመላ አገሪቱ የቀረው ቀበሮ 500 እንኳ አይሞላም። «ሰው የማይረብሸው» ስትባሉ ከመሳደብ በፊት ይህን አስቡ።

ዲንሾ፦ በራሴ በሬ ልትወጋኝ? ስማኝ፦ ባሌ ውስጥ ውሾቹን ነው የሚከትቡት። ባለቤቱን አይደለም የሚያባርሩት። ልዩነቱ ይህ ነው።

ጅብራ፦ የሚከትቡት ማባረር ስላልቻሉ ነው። ክትባቱም በየጊዜው ነው፤ በሽታውም በየጊዜው ነው።

የደባርቁ፦ እዚህ ላይ ተያዝክ። «ማባረር ስላልቻሉ» አልክ። ፍላጎቱ ማባረር መሆኑን በራስህ አፍ ተናገርክ።

ጅብራ፦ ቃሌን አትጠምዝዝ። «ማስነሣት» ማለቴ ነው።

ቡልቡላ፦ ፊት አስታጥቦ።

የደባርቁ፦ እሺ፣ ሰው ወጣ እንበል። ግጦሽ ቆመ። ሳሩ በገፍ በቀለ፣ በበጋ ደረቀ። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ምን ሆነ? ተራራው ነደደ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ፤ ያኑርልን፣ አመስግነናል። ከዚያ በፊት ግን ቀንና ለሊት በቅጠል ሲቀጠቅጥ የነበረው ማን ነው? የአካባቢው ገበሬ። ረባሹ። ያን ቀን ማንም «አትረብሹ፣ ውጡ» አላለም።

ጅብራ፦ እሳቱ የተነሣው ሰው ስለወጣ ነው ለማለት ማስረጃ አለህ?

የደባርቁ፦ አንተስ ዋልያው ሰው ሲወጣ ጨመረ ለማለት አለህ? ሰው ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የዋልያው ቁጥር ጨመረ ወይስ ቀነሰ? መልስ።

ጅብራ፦ ቀንሷል። ግን ጦርነት ነበር። ጥበቃው ላልቷል። አደን አለ።

የደባርቁ፦ ቀንሷል። አመሰግናለሁ።

ጅብራ፦ ከዐረፍተ ነገሬ አንድ ቃል ቆርጠህ ነው የምትሮጠው። ጦርነቱን ግጭ ነዋሪዎች አላቆሙትም፣ አላመጡትምም። ግን ጥበቃ በሌለበት ጊዜ 400 አባወራ እዚያው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ዋልያም ባልኖረ ነበር። ዋልያ ከስሜን ሌላ በዓለም ላይ ቦታ የለውም። ሰው ግን አለው።

ጡረተኛው መምህር፦ «ሰው ግን አለው» የምትለው አንተ ቦታ ስላለህ ነው ልጄ።

ቡልቡላ፦ እኛ ዋልያ የምናስታውሰው ብሔራዊ ቡድኑ ሲሸነፍ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ሁላችሁም የረሳችሁት አንድ ቦታ አለ። መንዝ ጓሳ። እዚያ መንግሥት ሰው አላስወጣም። ሰዉ ራሱ ነው የጠበቀው። ቀሮ የሚባል የአባቶች ሥርዓት አለ። አለቃ ይመረጣል፤ ጓሳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ የሚታጨደውም የሚጋጠውም ሲፈቀድ ብቻ ነው። የሣር ቤት ክዳኑ፣ ገመዱ፣ ገሳው ሁሉ ከጓሳ ነው፤ ስለዚህ ሰዉ ይሳሳለታል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ወዲያው ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ያዘው። ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለ። ልብ በሉ፣ ጥፋቱ የመጣው ባለቤቱን ከሥልጣኑ ሲያወርዱት እንጂ ሰው በመኖሩ አይደለም።

ጅብራ፦ መንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጓሳው ውስጥ እርሻና መንደር የለም፤ ሰዉ የሚኖረው በዙሪያው ነው። ግጭ ግን መሃል ላይ ነበረች። አታወዳድሩ።

የመንዝ ልጅ፦ ታዲያ ግጭን ከማፍረስ በፊት እንደ መንዝ ሕግ አውጡ ብሎ የጠየቃቸው አለ? ሽማግሌ ተቀምጧል? ወይስ ካድሬ ነው የሄደው?

ጅብራ፦ ውይይት ተደርጓል።

ቡልቡላ፦ «ውይይት ተደርጓል።» ሻይ ቡናም ተብሏል?

የደባርቁ፦ አበልም ተከፍሏል። ለሰብሳቢዎቹ።

ጡረተኛው መምህር፦ ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። ቤዛዊት ልጄ፣ ከክረምቱም ከማስታወቂያውም በፊት መታየት ያለበት ጸጥታው ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጎንደር በአውሮፕላን ትገቢያለሽ፤ ከዚያ እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን የመኪና መንገድ ነው። ልጆች ይዘሽ በዕቅድ ሳይሆን በዕለቱ ወሬ ነው የምትንቀሳቀሺው። ይህን ሳይነግሩሽ ስለ ጉምና ስለ ፏፏቴ የሚያወሩሽን እታዘባቸዋለሁ።

የደባርቁ፦ ጋሼ፣ እኔን ከሆነ ይበሉኝ። መንገዱ ሲዘጋ ተዘግቷል እላለሁ፤ ሲከፈትም ተከፍቷል እላለሁ። ግን እርስዎ አዲስ አበባ ተቀምጠው ሁልጊዜ ተዘግቷል ካሉ እኛ ምን እንብላ? ደባርቅ ውስጥ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ወጥ ሠሪዋ ሁሉም ተራ ጠብቆ ነው የሚሠራው። ጎብኚ ከጠፋ ወዲህ ተራው ለአንድ ሰው መቼ እንደሚደርሰው አይታወቅም። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎ ይሄ።

ጡረተኛው መምህር፦ ረኃባችሁን አውቃለሁ። የእሷ ልጆች ግን የእናንተን ተራ ማስከበሪያ አይደሉም።

የደባርቁ፦ እንዲህ አይበሉ እንጂ ጋሼ። ልጆቿን አደጋ ላይ ጣይ ያልኩ አስመሰሉብኝ። ከመምጣቷ አንድ ቀን በፊት ትደውል፤ ጎንደር ያሉት ዘመዶቿም ያውቃሉ። አይሆንም ከተባለ አይሆንም፤ እዚያው ፋሲልን አሳይታ ትመለስ።

ዲንሾ፦ ወይም ባሌ።

የደባርቁ፦ አንተ ሰው፣ ባሌ በነሐሴ አይዘንብም?

ዲንሾ፦ ይዘንባል። እኛ ግን በጋ ነው ብለን አንዋሽም።

የመንዝ ልጅ፦ ክረምቱን አትፍሪ እህቴ። መስከረም ቢሆን አደዩ ፈንድቶ፣ ጉሙ ተነሥቶ ይጠብቅሽ ነበር።

ቤዛዊት ከሜሪላንድ፦ መስከረም ትምህርት ይከፈታል። ይህን ችግር የሚረዳልኝ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። ደግሞ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ፍልሰታ ነው፤ እናቴ ትጾማለች፤ ልጆቹ ደግሞ ሽሮ አይበሉም። ይህን ሁሉ ላስብ ወይስ ስለ ጅብራ ዋልያ ላስብ?

ጅብራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጆቼን ግጭ ካምፕ ወስጄ ድንኳን ተክዬ «እዚህ መንደር ነበር» ልበላቸው ወይስ «ሰው የማይረብሸው ተራራ» ልበላቸው?

ጅብራ፦ ሁለቱንም። መንደር ነበር በያቸው። ዛሬ ጓሳው መመለሱንም አሳያቸው። የመጀመሪያውን ብቻ ከነገርሻቸው ግማሽ ነው የነገርሻቸው።

የደባርቁ፦ ሁለተኛውን ብቻ የጻፈውን ድርጅት ግን «የገጠጠ» ብለህ አለፍከው።

ጅብራ፦ ምን ላድርገው፣ ልክሰሰው?

ቡልቡላ፦ ይኸው የጃናሞራና የበየዳ ሕዝብ መኪናው በዚያው ፓርክ መሃል ያልፋል። አይሱዙው ጥሩምባውን ሲነፋ ዋልያው «ሰው ረበሸኝ» ብሎ ያመለክት እንደሆነ እንጃ።

ጅብራ፦ መንገዱ ከፓርኩ ውጭ እንዲዞር ሲጠየቅ ስንት ዓመቱ! ይህን እኔም ነው የምጮኸው።

የደባርቁ፦ ይዙር። ምጥ ያዛት እናት እስኪዞር ትጠብቅ?

ጅብራ፦ አሁን ደግሞ እናት አመጣህ።

የደባርቁ፦ እናት እዚያው ናት። አንተ ነህ ያላየሃት።

ጡረተኛው መምህር፦ ቤዛዊት፣ ለድርጅቱ ቅሬታሽን ጻፍሽላቸው?

ቤዛዊት ከሜሪላንድ፦ ጻፍኩ። የአባቴን ነገር ሁሉ ዘርዝሬ። ማስታወቂያውን አልቀየሩትም፤ ቅናሽ ሰጡኝ።

ቡልቡላ፦ ስንት ፐርሰንት?